ሰውነትን ማሟሟቅ እስከ ምን ድረስ? ከጅቡቲ የማራቶን ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ጅቡቲ ነጻነቷን የተቀዳጀችው በሰኔ ወር 1977 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1985፣ የመጀመሪያው የማራቶን የዓለም ዋንጫ ውድድር በጃፓን አገር በሒሮሺማ ከተማ ሲካሄድ፣ የጅቡቲው ሑሴን አሕመድ ሳላሕ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። ያገሩ ልጅ ጃማ ሮብሌ ሦስተኛ ሆነ፤ በቡድንም ዋንጫውን የወሰደችው ጅቡቲ ነበረች።

በሐምሌ ወር የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሚደርስበት አገር የወጡ ሰዎች በረጅም ሩጫ ዓለምን መቅደማቸው ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራን አንድ ጥያቄ ያቀርባል። የማሠልጠኛ መጻሕፍት ሁሉ «ከሩጫ በፊት ሰውነትን አሟሙቁ» ይላሉ። ፀሐይዋ አስቀድማ ሰውነቱን ላሞቀችው ተማሪ ይህ ትእዛዝ እንዴት ይተረጎማል?

መልሱን ለማግኘት ትእዛዙ የቆመበትን መሠረት እንመልከት። በ1945 አስሙሰንና ቦዬ የተባሉ የዴንማርክ ተመራማሪዎች የሰውነት ሙቀት በሥራ ችሎታ ላይ ያለውን ውጤት የሚያሳይ ጥናት አሳተሙ። ብስክሌት መሰል መሣሪያ የሚያሽከረክሩ ሰዎች ጡንቻቸው ሲሞቅ አጭሩንና ፈጣኑን ሥራ ቶሎ እንደሚፈጽሙ ተረጋገጠ፤ ሙቀቱ የመጣው በእንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን በሙቅ ውኃ ሲሆንም ጥቅሙ ታየ። የሞቀ ጡንቻ በፍጥነት ይኮማተራል፤ ደምም ኦክስጅንን ለጡንቻው በቀላሉ ይለቅለታል። ስለዚህ ለመቶ ሜትር ሯጭና ለዝላይ ተወዳዳሪ ምክሩ ትክክለኛ ነው።

ነገር ግን የአጭር ሩጫ ሕግ ለረጅም ሩጫ ሁልጊዜ አይሠራም። በሩጫ ጊዜ ሰውነት ከሚያወጣው ጉልበት ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል የሚለወጠው ወደ ሙቀት ነው። ይህ ሙቀት በላብ ትነት ካልወጣ እየተጠራቀመ ይሄዳል። አየሩ እርጥበት ሲበዛበት ደግሞ ላብ ይንጠባጠባል እንጂ በሚገባ አይተንም፤ የሚንጠባጠብ ላብም ሰውነትን አያቀዘቅዝም። እንደ ጅቡቲ ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች ችግሩ የሚጠናው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ በቁጥር የተገለጸው በኮፐንሐገን ተካሂዶ በ1999 በታተመ ሌላ ጥናት ነው። ሰባት ብስክሌተኞች በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ ማለት በጅቡቲ የሐምሌ ቀን ሙቀት፣ እስኪደክሙ ድረስ እንዲጋልቡ ተደረገ። አስቀድመው በውኃ ቀዝቅዘው በ36 ዲግሪ አካባቢ የሰውነት ሙቀት ሲጀምሩ በአማካይ 63 ደቂቃ ቆዩ። በተለመደው ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ ተኩል ገደማ፣ ሲጀምሩ 46 ደቂቃ ቆዩ። አስቀድመው ሞቀው ከ38 ዲግሪ በላይ ሲጀምሩ ግን የቆዩት 28 ደቂቃ ብቻ ነው። በሦስቱም ጊዜ ሥራቸውን ያቆሙት የሰውነታቸው ሙቀት 40 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። እንግዲህ በሙቅ አየር የረጅም ጊዜ ሥራ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ በጨመረው ሙቀት ልክ ከጉዞው ይቀንሳል። ማርም ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው ነው።

ወደ ሳላሕ ታሪክ እንመለስ። በሚያዝያ 1988 በሮተርዳም፣ ኢትዮጵያዊው በላይነህ ዴንሳሞ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ሳላሕ በ17 ሴኮንድ ብቻ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት በሴኡል ኦሊምፒክ ነሐስ አገኘ፤ ይህም እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ድረስ ጅቡቲ ያገኘችው ብቸኛ የኦሊምፒክ ሜዳይ ነው። በ1991 ሙቀትና እርጥበት በበረታበት በቶኪዮው የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ የብር ሜዳይ ሲያገኝ ጊዜው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ነበር። ከሮተርዳሙ ከ8 ደቂቃ በላይ ይዘገያል፤ ቢሆንም የቀደመው አንድ ሰው ብቻ ነው። በሙቀት ቀን ብልህ ሯጭ ሩጫውን የሚመዝነው በሰዓቱ ብቻ አይደለም።

ሙቀትን መልመድ እውነተኛ ነገር ነው። በሙቅ አየር ከዐሥር እስከ ዐሥራ አራት ቀን ያህል በመጠኑ የተለማመደ ሰው ቶሎ ማላብ ይጀምራል፤ በላቡ የሚያጣው ጨው ይቀንሳል፤ የደሙም ፈሳሽ ይጨምራል። ይሁን እንጂ ልማድ የአደጋውን ወሰን ያርቃል እንጂ አያጠፋውም። በ2019 በዶሓ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን በእኩለ ሌሊት ተጀምሮ እንኳ ከ68 ተወዳዳሪዎች የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ኢትዮጵያውያት አቋርጠዋል።

እነዚህ የተመረጡ አትሌቶች ናቸው። ተማሪዎቻችን ግን ልጆች ናቸው፤ መምህሩ «ሩጡ» ካላቸው ይሮጣሉ። ስለዚህ በቆላ አገር የምናስተምር ሁሉ የሚከተለውን ብናስብ ይበጃል። የረጅም ሩጫ ማሟሟቂያ በጥላ ሥር ይሁን፤ ጥቂት ደቂቃ የሶምሶማ ሩጫና መገጣጠሚያን ማፍታታት ይበቃል። ሩጫው ጧት ፀሐይ ሳትበረታ ይደረግ፤ ውኃም በአቅራቢያ ይዘጋጅ። ከዕረፍት የተመለሱ ተማሪዎች ሥራውን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የሚምታታበት ወይም ራሱን የሚያዞረው ተማሪ ወዲያውኑ ሩጫውን ያቁም፤ ወደ ጥላ ተወስዶ መላ ሰውነቱ በቀዝቃዛ ውኃ ይቀዝቅዝ፤ ሐኪምም ይጠራ። ማቀዝቀዙ ሐኪሙ እስኪመጣ አይጠብቅም።

ማሟሟቅ ጡንቻን ለሥራ ማዘጋጃ ነው። መጠኑን የሚወስኑት የአየሩ ጠባይና የሩጫው ርዝመት ናቸው፤ እነዚህን መዝኖ ማዘዝ ደግሞ የመምህሩ ፋንታ ነው።