ስሜንን ያየው ማን ነው?

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር አልፎ ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ የሚዘልቅ መንገደኛ፣ አፋፉ ላይ ሲደርስ እግሩ በራሱ ይገታል። ከሥሩ ቆላው በጭጋግ ተሸፍኖ ተዘርግቷል፤ በገደሉ ወገብ ዋልያ ከዐለት ወደ ዐለት ይሸጋገራል፤ በሜዳው ላይ ጭላዳ በመንጋ ተቀምጦ ሣር ይነጫል፤ ጅብራው በውርጩ መካከል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይህን ትርኢት ለማየት ሰው ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ይሁንና የስሜን ታሪክ የተራራውና የአራዊቱ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የተመልካቹም ታሪክ ነው። ተመልካቹ ማን ነበር? በምንስ ዐይን ተመለከተ?

ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ በስሜን አልፏል። ዋልያንና ጭላዳን እ.ኤ.አ. በ1835፣ ቀይ ቀበሮን ደግሞ በ1840 ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው እርሱ ነው። ይህ «ግኝት» ተባለ። ነገር ግን ለሦስቱ እንስሳት የተሰጡትን የላቲን ስሞች ልብ ብሎ ያነበበ ሰው፣ በአንደኛው «ዋልያ»፣ በሁለተኛው «ጭላዳ»፣ በሦስተኛው «ስሜን» የሚሉት ቃላት በባዕድ አነጋገር ተለውጠው ያገኛቸዋል። ከሳይንቲስቱ በፊት እንስሳውን አይቶ የለየውና ስም ያወጣለት የደጋው ገበሬና እረኛ ነው።

ከዚያ በኋላ የበረታው በጠመንጃ አፈሙዝ የሚመለከተው ዐይን ነበር። ዋልያ ለሥጋው፣ ለቀንዱና ለቆዳው ታደነ፤ በተለይም ከፋሺስት ወረራ ዘመን ጀምሮ ጠመንጃ በመብዛቱ ቁጥሩ ክፉኛ ተመናመነ። እ.ኤ.አ. በ1963 በሰር ጁልያን ሀክስሊ የተመራ የዩኔስኮ ልዑክ የኢትዮጵያን የዱር አራዊት ሁኔታ መረመረ። በ1969 የስሜን ፓርክ በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። በጠመንጃው ቦታ ካሜራው ተተካ።

ካሜራው ግን ማየት ያልፈለገው ሰው ነበር፤ ገብስ የሚዘራው፣ በግ የሚያግደው፣ ቁልቁለቱን በበሬ የሚያርሰው ገበሬ። እርሻውና ግጦሹ በሰፋ ቁጥር የዋልያው መኖሪያ መጥበቡ፣ አፈሩም መሸርሸሩ አይካድም። ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ጋር ተመዘገበ። ገበሬውን ወደ ገደሉ የገፋው ግን የመሬት ጥበት እንጂ የአራዊት ጥላቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከፓርኩ ክልል በግዳጅ የተነሡ ነዋሪዎች ነበሩ፤ በ2016 ደግሞ ከ400 በላይ የግጭ ቤተሰቦች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በተከታዩ ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። መዝገቡ የአራዊቱን ማገገም ይመሰክራል፤ ማሳውን ትቶ ከተማ የገባው ገበሬ የከፈለውን ዋጋ የሚያሰፍር ዓምድ ግን የለውም።

እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ሲነሣ ጎብኚው ቀረ፤ የዋልያው ቁጥርም እንደገና አሽቆለቆለ። ካሜራው በሌለበት ጊዜ በተራራው ላይ የቀረው የነዋሪውና የፓርኩ ጠባቂ ዐይን ነው። እንግዲህ ዋልያን አንድ ቀን የሚያየው እንግዳ ያደንቀዋል፤ በየቀኑ የሚያየው ሰው ግን ወይ ይጠብቀዋል፣ ወይ ይጨርሰዋል። ምርጫውን የሚወስነው ከጎብኚው ገቢ የሚደርሰው ድርሻ፣ በለቀቀው ቀዬ ፈንታ ያገኘው ኑሮና በጉዳዩ ላይ ያለው ድምፅ ነው። ለዋልያ ስም ያወጣ ሕዝብ በዋልያው ዕጣ ላይ ቃል ሊነፈገው አይገባም።