በሊኑክስ ላፕቶፕ ላይ የድምጽ መጥፋት

በሊኑክስ ላፕቶፕ ላይ የድምጽ መጥፋት ማለት በሊኑክስ ስርዓተ ክወና የሚሠራ ላፕቶፕ ሌላው ነገሩ ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ ሙዚቃም ሆነ ቪዲዮ ሲከፈት ምንም ድምጽ የማያሰማበት ችግር ነው። ስርዓተ ክወናው አዲስ እንደተጫነ፣ ከርነሉ ከታደሰ በኋላ ወይም ላፕቶፑ ከእንቅልፍ ሲነቃ ሊከሰት ይችላል። እንደ ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራና ሊኑክስ ሚንት ባሉት ስርጭቶች ሁሉ ይታያል።

ችግሩ ሲያጋጥም ብዙ ሰው ስፒከሩ ተቃጥሏል ብሎ ወደ ጠጋኝ ይሄዳል፣ ወይም ስርዓተ ክወናውን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። የመጀመሪያው ገንዘብ ያስወጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ ቀድሞ ያልተቀዳ ፋይል ካለ ያጠፋል፣ ያው ከርነልና ያው ፈርምዌር ተመልሶ ከተጫነም ዝምታው እንዳለ ይቀጥላል። ድምጽ ከፕሮግራሙ እስከ ስፒከሩ ድረስ በተለያዩ ደረጃዎች ስለሚያልፍ፣ መፍትሔው የትኛው ደረጃ ላይ እንደተቋረጠ በማወቅ ይጀምራል።

ድምጹ የሚያልፍበት መንገድ

አንድ የሙዚቃ ማጫወቻ ወይም ብሮውዘር ድምጹን በቀጥታ ለስፒከሩ አይሰጥም። መጀመሪያ የሚሰጠው የድምጽ ሰርቨር ለሚባለው ፕሮግራም ነው። ሰርቨሩ ከየፕሮግራሙ የመጣውን ድምጽ ቀላቅሎ ወደ ስፒከር፣ ወደ ጆሮ ማዳመጫ ወይም ወደ ብሉቱዝ እንዲሄድ ይወስናል። ከሰርቨሩ በታች በከርነሉ ውስጥ አልሳ የተባለው የድምጽ ካርድ ድራይቨሮች ስብስብ አለ። ከአልሳ በታች ደግሞ ዲጂታሉን ቁጥር ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይረው ኮዴክ የተባለው ቺፕ፣ ከዚያ ማጉያው፣ በመጨረሻም ስፒከሩ ይገኛሉ። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ኮዴኩ እንደ ሪልቴክ፣ ኮኔክሳንት ወይም ሲረስ ሎጂክ ካሉ ኩባንያዎች የመጣ ሲሆን፣ ከዋናው ቦርድ ጋር የሚገናኘው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ በተባለው ደንብ ነው።

ይህ አደረጃጀት በአንድ ጊዜ የተሠራ አይደለም። የሊኑክስ የመጀመሪያው የድምጽ ስርዓት ፊንላንዳዊው ሃኑ ሳቮላይነን እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው ኦኤስኤስ ነበር። ቼካዊው ያሮስላቭ ኪሴላ በ1998 አልሳን ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በወጣው ከርነል 2.6 አልሳ የኦኤስኤስን ቦታ ያዘ። የሌናርት ፖተሪንግ ፐልስኦዲዮ በ2004 ተጀምሮ በ2008 በኡቡንቱ 8.04 ገባ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ቅሬታ የቀረበበት ሰርቨር ነው። ዛሬ ተተኪው ፓይፕዋየር ሲሆን አዘጋጁ ዊም ታይማንስ ነው። ፌዶራ 34 በ2021፣ ኡቡንቱ 22.10 በ2022 ፓይፕዋየርን መደበኛ ሰርቨራቸው አድርገዋል። ታሪኩ እዚህ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፦ በ2010 ለፐልስኦዲዮ የተጻፈ መፍትሔ ፓይፕዋየር በሚጠቀም ላፕቶፕ ላይ ላይሠራ፣ አልፎም ሊጎዳ ይችላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ

ከሁሉ በፊት መለየት ያለበት ከርነሉ የድምጽ ካርዱን አውቆታል ወይስ አላወቀውም የሚለው ነው። መልሱ ቀሪውን ሥራ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ይህን ሳያውቁ የድምጽ መጠን ማስተካከያውን መነካካት በጨለማ መፈለግ ነው።

ቀላሉ ምልክት በዴስክቶፑ የድምጽ ማስተካከያ መስኮት ላይ ይገኛል። በመውጫዎች ዝርዝር ውስጥ «ደሚ አውትፑት» የሚል ብቻ ከታየ ሰርቨሩ እውነተኛ ካርድ አላገኘም ማለት ነው። ደሚ አውትፑት ፕሮግራሞች መውጫ አጥተው እንዳይቆሙ ሰርቨሩ የሚፈጥረው የውሸት መውጫ ነው። ቪዲዮው ይሄዳል፣ የድምጽ መጠኑ መስመር ከፍ ዝቅ ይላል፣ ድምጹ ግን የትም አይደርስም።

ይህን በተርሚናል ማረጋገጥ ይቻላል። የትዕዛዞቹ ስም እዚህ እንደሚነበበው የቀረበ ሲሆን በተርሚናል ሲጻፍ በላቲን ትናንሽ ፊደላት ነው። «ኤፕሌይ» ተብሎ ከክፍት ቦታ በኋላ ሰረዝና ኤል ፊደል ሲጨመር ከርነሉ የሚያውቃቸው ካርዶች በዝርዝር ይወጣሉ። ምንም የድምጽ ካርድ አልተገኘም የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ከመጣ ችግሩ ከከርነሉ ወይም ከዚያ በታች ነው። ካርዱ እዚህ እየታየ በዴስክቶፑ ላይ ደሚ አውትፑት ብቻ ካለ ግን ችግሩ ሰርቨሩ ዘንድ ነው።

ካርዱ በማይታይበት ጊዜ

በአንዳንድ ላፕቶፖች ድምጽ በባዮስ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ባዮሱን ከፍቶ ማየት ይቀድማል። ከዚያ «ኤልኤስፒሲአይ» የተባለው ትዕዛዝ በቦርዱ ላይ ያሉትን መሣሪያዎች ይዘረዝራል። የድምጽ መሣሪያ እዚያ ካለ ነገር ግን ኤፕሌይ ካላሳየው፣ መሣሪያው አለ፣ ድራይቨሩ ግን ሥራውን አልጀመረም።

በአዳዲስ የኢንቴል ላፕቶፖች የዚህ ዋነኛ ምክንያት የፈርምዌር አለመኖር ነው። ከ2010ሮቹ መጨረሻ ጀምሮ በብዙ ላፕቶፖች፣ በተለይም ዲጂታል ማይክራፎን ባላቸው፣ ድምጹን የሚቆጣጠረው ዲኤስፒ የተባለ ራሱን የቻለ ትንሽ ፕሮሰሰር ነው። ይህ ፕሮሰሰር ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር የራሱን ፕሮግራም ከዲስክ ማግኘት አለበት። ፕሮግራሙ ሳውንድ ኦፕን ፈርምዌር ወይም በምህጻረ ቃል ሶፍ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ የክፍት ምንጭ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ዲኤስፒው በኢንቴል ፊርማ ያልታተመ ፕሮግራም አይቀበልም፤ ስለዚህ ምንጩ ክፍት ቢሆንም ተጠቃሚው ራሱ አጠናቅሮ የሚጭነው ሳይሆን የተፈረመው ፋይል ነው የሚያስፈልገው።

ፋይሉ ከሌለ የከርነሉ መዝገብ ይናገራል። መዝገቡ «ዲሜስግ» በተባለው ትዕዛዝ በአስተዳዳሪ መብት ሲከፈት ሶፍ ከሚለው ስም አጠገብ ፈርምዌሩ አልተገኘም ወይም አልተጫነም የሚል መስመር ይታያል። መፍትሔው የስርጭቱን የሶፍ ጥቅል መጫንና ማሽኑን ዳግም ማስነሳት ነው። ዴቢያን ከ12ኛ እትሙ በፊት ነፃ ፈቃድ የሌላቸውን ፈርምዌሮች በመደበኛው መጫኛ ውስጥ አያካትትም ነበር፤ በ2022 በአባላቱ ድምጽ ይህ ስለተለወጠ ከ2023 ወዲህ የሚወጡት መጫኛዎች እነዚህን ፋይሎች ይዘው ይመጣሉ። ኢንተርኔት ከሌለ ጥቅሉን በሌላ ኮምፒውተር አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ወይም ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ የስልኩን ዳታ መጠቀም ይቻላል።

ለሙከራ ያህል ከርነሉ ዲኤስፒውን ትቶ በድሮው መንገድ እንዲሠራ ማዘዝም ይቻላል። ይህ የሚደረገው ለኢንቴል ዲኤስፒ አወቃቀር ሞጁል 1 የሚል ዋጋ በመስጠት ነው። በብዙ መማሪያዎች እንደ ቋሚ መፍትሔ ቢቀርብም ዋጋ ያስከፍላል፦ ከዲኤስፒው ጋር የተያያዘው የላፕቶፑ ማይክራፎን ሥራ ያቆማል። ሙዚቃ ብቻ ለሚሰማ ሰው ግድ ላይሰጥ ይችላል፤ ትምህርቱን በቪዲዮ ለሚከታተልና ጥያቄ ለሚጠይቅ ተማሪ ግን አንዱን ችግር በሌላ መተካት ነው።

ሌላው ምክንያት ከርነሉ ከላፕቶፑ ያረጀ መሆኑ ነው። በዚህ ዓመት የወጣ ላፕቶፕ ከሁለት ዓመት በፊት በተሠራ ከርነል ላይ ድምጽ ባይኖረው አያስገርምም። በተቃራኒው ድምጹ የጠፋው ከርነሉ ከታደሰ በኋላ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚመጣው የግረብ ዝርዝር ውስጥ ቀድሞ የነበረውን ከርነል መርጦ ማስነሳት ነው። በአሮጌው ከተሰማ ጥፋቱ የአዲሱ ከርነል መሆኑ ተረጋገጠ፤ ማስተካከያ እስኪወጣ በአሮጌው መቆየት ይቻላል።

ከዊንዶውስ ጋር ጎን ለጎን በተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ደግሞ የዊንዶውስ ፈጣን አነሳስ መፈተሽ አለበት። ይህ አሠራር ሲበራ ዊንዶውስ «ዝጋ» ሲባል ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ፣ አንዳንድ ጊዜ ኮዴኩ ሊኑክስ በማይጠብቀው ሁኔታ ላይ ይቀራል። ከዊንዶውስ ሲወጡ ከመዝጋት ይልቅ ዳግም ማስነሳትን መምረጥ ወይም ፈጣን አነሳሱን ማጥፋት ይረዳል።

ካርዱ እየታየ ዝም ሲል

ካርዱ ካለ ብዙውን ጊዜ መፍትሔው ቅርብ ነው። በጣም የተለመደው ድምጹ ወደ ሌላ መውጫ እየሄደ መሆኑ ነው። የምስል ካርዶች ለኤችዲኤምአይ የራሳቸው የድምጽ መውጫ አላቸው። አንድ ጊዜ ከቴሌቪዥን ወይም ከፕሮጀክተር ጋር የተገናኘ ላፕቶፕ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ኤችዲኤምአይን እንደ ዋና መውጫ ሊይዝ ይችላል። ፓቩኮንትሮል የተባለው ፕሮግራም ይህን ከዴስክቶፑ ማስተካከያ በተሻለ ያሳያል፤ የትኛው ፕሮግራም ወደ የትኛው መውጫ እንደሚልክ፣ ለብቻው የተዘጋ ፕሮግራም መኖሩንም ጭምር። ሰርቨሩ የየፕሮግራሙን መጠን ስለሚያስታውስ ባለፈው ሳምንት ድምጹ የተዘጋ ብሮውዘር ዛሬም ዝም ብሎ ሊከፈት ይችላል።

ቀጥሎ የሚታየው በአልሳ ደረጃ ያለው መዝጊያ ነው። «አልሳሚክሰር» በተርሚናል ሲከፈት በመጀመሪያ የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ የሰርቨሩን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እውነተኛውን ካርድ ለማየት ኤፍ6 ተጭኖ ከዝርዝሩ መምረጥ ያስፈልጋል። ብዙዎች ይህን ስለማያደርጉ «ሁሉም ክፍት ነው» ብለው ይወጣሉ። ካርዱ ከተመረጠ በኋላ ማስተር፣ ስፒከር፣ ሄድፎን እና ፒሲኤም የተባሉ ዓምዶች ይወጣሉ። ከዓምዱ ሥር ሁለት ኤም ፊደላት ካሉ ያ መስመር ተዘግቷል፤ በቀስት ቁልፍ ወደ ዓምዱ ሄዶ ኤም ሲጫኑ ወደ ሁለት ዜሮ ይቀየራል፣ ይከፈታልም።

ከዚህ በኋላ «ስፒከር-ቴስት» የተባለውን ትዕዛዝ ማስኬድ ነው። የሚያሰማው እንደ ዝናብ የሚያሽ ድምጽ ስለሆነ መጠኑን ቀድሞ ዝቅ ማድረግ ይገባል። ድምጹ ከተሰማ ካርዱም ስፒከሩም ጤነኛ ናቸው፤ ጥፋቱ መጀመሪያ ዝም ያለው ፕሮግራም ዘንድ ነው።

ሰርቨሩ ራሱ ተቸንክሮ ከሆነ በ«ሲስተምሲቲኤል» ትዕዛዝ ፓይፕዋየርንና አጋሩን ዋየርፕለምበርን ዳግም ማስጀመር ይቻላል። እዚህ ላይ ሱዶ አይጨመርም፤ ይልቁንም «ዩዘር» የሚለው አማራጭ ይጨመራል። ሰርቨሩ የሚሠራው በተጠቃሚው ስም እንጂ በአስተዳዳሪው ስም ስላልሆነ በሱዶ የተሰጠው ትዕዛዝ አገልግሎቱን አያገኘውም።

በጆሮ ማዳመጫ እየተሰማ በስፒከር ሲጠፋ

ይህ ለብቻው መታየት ያለበት ሁኔታ ነው፤ ምክንያቱም ኮዴኩ እንደሚሠራ አስቀድሞ ይታወቃል። ላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ሲሰካ ስፒከሩን የሚዘጋው በቀዳዳው ውስጥ ያለ መለያ ሲነካ ነው። ቀዳዳው ውስጥ አቧራ ከገባ ወይም የተሰበረ መሰኪያ ጫፍ ከቀረ ኮምፒውተሩ ጆሮ ማዳመጫው እንደተሰካ ይቆጥራል። መሰኪያውን ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት አንዳንዴ ይበቃል። ካልሆነ በአልሳሚክሰር ውስጥ «ኦቶ-ሚዩት ሞድ» የሚለውን ማጥፋት ስፒከሩን ያስለቅቃል፤ በእርግጥ ከዚያ በኋላ ማዳመጫ ሲሰካ ስፒከሩ በራሱ ላይዘጋ ይችላል፤ ይህ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚያሳፍር ነገር ነው።

በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ስፒከሩን የሚያንቀሳቅሰው ከኮዴኩ የተለየ ስማርት ማጉያ የተባለ ቺፕ ነው። ማጉያው የራሱን ድራይቨርና የላፕቶፑን ሞዴል የሚመለከት መረጃ ይፈልጋል፤ ያ መረጃ በከርነሉ ውስጥ ለዚያ ሞዴል ካልተመዘገበ ማዳመጫው እየሠራ ስፒከሩ ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ ማስተካከያ መስኮት ውስጥ የሚገኝ ቁልፍ የለም፤ አዲስ ከርነል ነው የሚፈታው።

የአካል ብልሽትን መለየት

ስፒከሩ በእርግጥ ተበላሽቶ ሊሆንም ይችላል። ይህን ለማወቅ አዲስ እትም የሆነ የሌላ ስርጭት ፋይል በፍላሽ ላይ ጽፎ፣ ምንም ሳይጭኑ ከፍላሹ ማስነሳት ይበቃል። በዲስኩ ላይ ያለው ነገር አይነካም። ከፍላሹ ሲነሳ ከተሰማ ስፒከሩ ደህና ነው፤ የሚጠገነው ሶፍትዌሩ ነው። ዊንዶውስም አብሮ ካለበት በዚያ መሞከር ተመሳሳይ መልስ ይሰጣል። በሁሉም ዝም ካለ፣ በጆሮ ማዳመጫ ግን ከተሰማ፣ ስፒከሩን ወይም ገመዱን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ወደ ጠጋኝ መሄድ የሚያዋጣውም ያኔ ነው።

ከአሮጌ መፍትሔዎች መጠንቀቅ

ለዓመታት ሲገለበጥ የኖረ አንድ ምክር ፐልስኦዲዮንና አልሳን ከነቅንብራቸው አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። የአልሳ ድራይቨሮች በከርነሉ ውስጥ ስለሆኑ ጥቅሉን ማጥፋት ድራይቨሩን አይነካውም። ፐልስኦዲዮን ማጥፋት ደግሞ በእሱ ላይ የተመሠረቱ የዴስክቶፑ ክፍሎችን አብሮ ሊያስወግድ ይችላል። ጥቅል አስተዳዳሪው ምን ምን እንደሚያጠፋ ዘርዝሮ ማረጋገጫ ሲጠይቅ ዝርዝሩን ማንበብ የግድ ነው። ፓይፕዋየር ባለበት ላይ ፐልስኦዲዮን ደርቦ መጫንም ሁለቱን በአንድ ካርድ ላይ ሊያጋጭ ይችላል።

ለአዘጋጆቹ ማሳወቅ

ከርነሉ ሞዴሉን ካላወቀው ለስርጭቱ ወይም ለአልሳ አዘጋጆች ማመልከት ይቻላል። «አልሳ-ኢንፎ» የተባለው ስክሪፕት የከርነሉን እትም፣ የላፕቶፑን ሞዴል፣ የኮዴኩን ስምና የእያንዳንዱን መውጫ አቀማመጥ በአንድ ፋይል ይሰበስባል። ፋይሉን ወደ ኢንተርኔት ከመላኩ በፊት ስለሚጠይቅ፣ እምቢ ብሎ በኮምፒውተሩ ላይ ማስቀረትና አንብቦ መላክ ይቻላል። ከፋይሉ ጋር ድምጹ በጆሮ ማዳመጫ መሰማቱንና በየትኛው ከርነል ይሠራ እንደነበር መጻፍ ለአዘጋጁ ከሁሉ የሚጠቅመው መረጃ ነው።