ምስጋናና ሰቂለ ኅሊና በዕለት ተዕለት ሥራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን!

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በምትገኘው ወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌያት ቀኑ ገና ሳይነጋ በሥራ ይጀመራል። እናቶች ውኃ ይቀዳሉ፤ የቡና ቅጠል ያፈላሉ፤ ግቢ ይጠርጋሉ። አርሶ አደሩ ወደ ማሳው፣ ነጋዴው ወደ ገበያው፣ የባጃጅ አሽከርካሪው ወደ መንገዱ ይሰማራል። ከእነዚህ ምእመናን ብዙዎቹ «ሥራው ለጸሎት ጊዜ ነሣኝ» ብለው ያዝናሉ። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ኀዘን መልስ አላት፤ እርሱም ሥራውን ራሱን የምስጋና ጊዜ ማድረግ ነው።

አኮቴትና ሰቂለ ኅሊና

ምስጋና በግእዝ «አኮቴት» ይባላል። በሥርዓተ ቅዳሴያችን የሚገኘው ጸሎተ አኮቴት እግዚአብሔር ስለ ጠበቀንና እስከዚያች ሰዓት ስላደረሰን የምናመሰግንበት ነው። ቅዱስ ቁርባን በግሪክ ቋንቋ የሚጠራበት «ኤውካሪስቲያ» የሚለው ስምም ትርጉሙ ምስጋና ነው። ሰቂለ ኅሊና ደግሞ የተበተነውን ሐሳብ ሰብስቦ ወደ እግዚአብሔር ማንሣት ነው።

ሁለቱ አይነጣጠሉም። ልቡ የተበተነ ሰው የተቀበለውን ስጦታ አያይም፤ ስላላየው ስጦታም አያመሰግንም። ጌታችን ከፈወሳቸው ዐሥር ለምጻሞች አንዱ ብቻ ለምስጋና ተመለሰ፤ የተመለሰውም፣ ወንጌላዊው እንደሚነግረን፣ መፈወሱን ባየ ጊዜ ነው (ሉቃ. 17፥11-19)።

የአበው ትምህርት

ቅዱስ ጳውሎስ ሳናቋርጥ እንድንጸልይና በሁሉ እንድናመሰግን አዝዞናል (1ኛ ተሰ. 5፥17-18)። መብላታችንና መጠጣታችን እንኳ ለእግዚአብሔር ክብር እንዲሆን አስተምሮናል (1ኛ ቆሮ. 10፥31)። አባ እንጦንስ በበረሓ ሳለ በስልቹነት ተፈትኖ ነበር። በዚያን ጊዜ መልአክ በሰው አምሳል ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ደግሞም ተቀምጦ ሲሠራ አሳየው። እንዲህ ቢያደርግ እንደሚድንም ነገረው።

በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሣርያ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ ሠራተኛ በሥራው መካከል የሚያመሰግንባቸውን አራት ነገሮች አስተምሯል። እነርሱም ለሥራ የበረታ እጅ፣ ሙያውን የሚይዝ አእምሮ፣ የሥራው ዕቃ (ጥሬ ነገሩ) እና መሣሪያው ናቸው።

ይህን ትምህርት በጓሮዋ እንሰት ወደምትፍቅ እናት እንውሰደው። የምትፍቅበት ክንድ ከእግዚአብሔር የተሰጣት ነው። ሙያውን ከእናቷ ወይም ከአማቷ ተምራዋለች። እንሰቱ በአንድ ክረምት የደረሰ አይደለም፤ ለዓመታት ዝናብና ፀሐይ አሳድገውታል፤ ምናልባትም የተከለው ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። መፋቂያውም ከቀርከሃ የተሠራ ነው። ቆጮው በጉድጓድ ሲብላላም እርሷ ተኝታ ሳለች ሥራው ይቀጥላል። ይህን ሁሉ ልብ ያለች እናት ሥራዋን ሳታቋርጥ ብዙ ምስጋና ታቀርባለች።

እንዴት እንለማመደው?

ቤተ ክርስቲያናችን ቀኑን በሰባት የጸሎት ጊዜያት ከፍላዋለች (መዝ. 118፥164)፤ እነርሱም ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። በጠዋቱ 3 ሰዓት የመንፈስ ቅዱስን መውረድ፣ በቀትር 6 ሰዓት የጌታችንን ስቅለት፣ በ9 ሰዓት ሞቱን፣ በሠርክ 11 ሰዓት መቀበሩን እናስባለን። ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያልቻለ ሠራተኛ ሰዓቱ ሲደርስ ባለበት አማትቦ «እግዚኦ ተሠሃለነ» ይበል። ሥራ ሲጀምር በስመ ሥላሴ ይጀምር፤ ሲፈጽም «ተመስገን» ይበል። አንዱን ሥራ ሲሠራ በሐሳቡ ወደ ሌላው አይሩጥ።

ይህ ለካህናትም የሚያስፈልግ ነው። ይህን የምጽፍ እኔ ራሴ በቅኔ ማሕሌት ቆሜ ልቤ ገበያ የዋለበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ሐሳብ ሲባዝን ተስፋ ሳይቆርጡ መልሶ መሰብሰብ ነው።

ልንጠነቀቅበት የሚገባ

ምስጋና ችግርን መካድ አይደለም። የወላይታ አርሶ አደር ማሳው ጠባብ ነው፤ የበልግ ዝናብ ሲቀርበት ቤቱ ይራባል። ጻድቁ ኢዮብ እግዚአብሔርን የባረከው ልብሱን ቀድዶ በምድር ላይ ከወደቀ በኋላ ነው (ኢዮ. 1፥20-21)፤ ኀዘኑን አልደበቀም። የተራበውን ወንድም ሳይመግቡ በመልካም ቃል ማሰናበትንም ሐዋርያው ያዕቆብ ነቅፏል (ያዕ. 2፥15-16)። ስለዚህ የደከመች ሚስቱን «አመስግኚ» የሚል ባል አስቀድሞ የውኃ ጀሪካኑን ይሸከምላት። እውነተኛ ምስጋና የተቀበሉትን ማካፈልን ይወልዳል።

ማጠቃለያ

በአካባቢው ትውፊት ወላይታ የጥንቱ የዳሞት ምድር ናት። ገድለ ተክለ ሃይማኖት እንደሚተርከው ጻድቁ አባታችን በዳሞት ወንጌልን ሰብከው ንጉሡን ሞተለሚን ለክርስትና አብቅተዋል። እኒህ አባት በተወለዱ በ3ኛው ቀን አፋቸውን የፈቱት ቅድስት ሥላሴን በማመስገን ነበር። እኛም በየማለዳው ከሥራችን በፊት አፋችንን በምስጋና እንፍታ፤ ያን ጊዜ ማሳው፣ ማጀቱና ገበያው የጸሎት ስፍራ ይሆኑልናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።