የአሮጌ መኪና የካምቢዮ ዘይት መቼ ይቀየራል? "ከነካኸው ይሞታል" የሚባለውስ እውነት ነው?

"አሮጌ ካምቢዮ ዘይቱ አይነካም፤ ከነካኸው ይሞታል።" ይቺን ምክር ያልሰማ ባለመኪና ያለ አይመስለኝም። ግራና ያለው አጎቴም ሰምቷታል። ያገለገለ አውቶማቲክ ኮሮላ ገዝቶ አራት ዓመት ሲሠራበት የሞተር ዘይቱን በየጊዜው ይቀይራል፣ የካምቢዮውን ግን አንድም ቀን አላየውም። አንድ ቀን ከመርሳ ወደ ወልድያ ሲሄድ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አልሄድ አለ። በቃ፣ ካምቢዮው አልቋል። ያገለገለ ካምቢዮ ተፈልጎ እስኪገጠም ሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀመጠ።

አሁን ደግሞ "ይሄን ሸጬ ሌላ እገዛለሁ" ማለት ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ግብር በጣም አንሮታል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ እጃችን ላይ ያለችውን መጠበቅ ግድ ነው።

በስንት ኪሎሜትር?

ብዙ አምራቾች ለአውቶማቲክ ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ኪሎሜትር ይላሉ። ይሄ ግን ለደህና መንገድ ነው። የካምቢዮ ዘይትን ከምንም በላይ የሚያስረጀው ሙቀት ነው። የሀብሩ ቆላ ሙቀት፣ የድልብ ዳገት፣ ሙሉ ጭነት፣ አቧራ ሲደመሩ ከ40 ሺህ እስከ 50 ሺህ ላይ መቀየር ይሻላል። ማንዋል ከሆነም ከ50 ሺህ እስከ 80 ሺህ ባለው ውስጥ ይቀየር።

ችግሩ ያገለገለ መኪና ስትገዙ ቆጣሪው ወደኋላ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቆጣሪው ይልቅ ዘይቱን እዩ።

ዘይቱ ምን ይናገራል?

መለኪያ ዘንጉን አውጡና ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርጉት፦

1. ቀይና የጠራ ከሆነ ደህና ነው።
2. ቡናማ ከሆነ መቀየሪያው ደርሷል።
3. ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ውስጡ መበላት ጀምሯል።
4. እንደ ወተት የደፈረሰ ሮዝ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ብዙ ጊዜ የሚገባው ከራዲያተር ነው። መኪናውን አቁሙና መካኒክ ጥሩ።

ማርሽ ወደ ዲ ወይም አር ስታስገቡ ቆይቶ የሚይዝ፣ ሲቀይር የሚደነቅፍ፣ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት የማይጨምር ከሆነም አትዘግዩ።

"ከነካኸው ይሞታል" ከየት መጣ?

ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ሰው ዘይቱን የሚቀይረው ብዙ ጊዜ ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው። ያኔ የውስጡ ሸራዎች አልቀዋል፤ አዲስ ዘይት ያለቀ ሸራ አይመልስም። ካምቢዮው ሲሞት ግን ጥፋቱ ዘይቱ ላይ ይለጠፋል። ሁለተኛው ምክንያት በማሽን ግፊት ማጠብ ነው፤ ለዓመታት የተጋገረውን ቆሻሻ ነቅሎ ጠባብ መተላለፊያዎችን ሊደፍን ይችላል።

ለአሮጌ መኪና የሚሻለው በቀስታ መቀየር ነው። ከታች ያለው ብሎን ተፈቶ ዘይቱ ሲፈስ ሁሉም አይወጣም፤ የሚወጣው ሲሶ ወይም ግማሽ ቢሆን ነው። የወጣውን ለክታችሁ ልክ ያንኑ ያህል አስገቡ። ከ500 እስከ 1,000 ኪሎሜትር ነድታችሁ እንደገና ድገሙት። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደገም አብዛኛው ዘይት አዲስ ይሆናል። ማግኔቱ ላይ ደቃቅ ግራጫ ዱቄት ማየት ያለ ነው፤ የብረት ስባሪ ካያችሁ ግን ነገሩ ከዘይት አልፏል።

የትኛው ዘይት?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። "ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው" አትበሉ። የ1990ዎቹ ቶዮታዎች ብዙዎቹ ዴክስሮን፣ ቀጥለው የመጡት ቲ-ፎር፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት ደብሊው-ኤስ ይጠቀማሉ (ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ሲቪቲ ካምቢዮ ያላቸው ቪትዞች ደግሞ የራሳቸው ዘይት አላቸው፤ ሌላ ከገባባቸው ይበላሻሉ። ማንዋል ላይ መጽሐፉ ጂኤል-4 ካለ ጂኤል-5 አታስገቡ፤ አንዳንዱ ጂኤል-5 የማርሹን የነሐስ ክፍሎች ይበላል። ዓይነቱ መለኪያ ዘንጉ ላይ ወይም መጽሐፉ ላይ ተጽፏል።

ስትለኩ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። ቶዮታ ላይ ካምቢዮው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ነው። መለኪያ ዘንግ የሌላቸው ካሉ ጋራዥ ወስዳችሁ አስለኩ። ሲያንስም ሲበዛም ይጎዳል።

በመጨረሻ፦ ቀኑንና ኪሎሜትሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኮፈኑ ሥር ለጥፉ። ዘይት እንደነገሩ ይገዛል፤ ካምቢዮ ግን እንጀራ ነው። አሮጌ መኪና ላላቸው ጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።