ድንቹን የመታው ምች ነው?

ሰሞኑን የድንችና የቲማቲም ቅጠል ፎቶ ስትልኩልኝ አብዛኞቻችሁ «ምች መታው» ወይ «ዝናቡ አቃጠለው» ትላላችሁ። አትሸማቀቁ፤ ከ180 ዓመት በፊት የአውሮፓ ሊቃውንትም ያሉት ይህንኑ ነው። እስቲ ታሪኩን ላውጋችሁ።

በፈረንጆቹ 1845 ክረምት ላይ ቤልጂየም ውስጥ የድንች ቅጠል መጥቆር ጀመረ። መስከረም ላይ አየርላንድ ገባ። የአየርላንድ ድሃ ገበሬ ደግሞ ኑሮው በድንች ላይ ነበር፤ ያውም የብዙው ማሳ «ላምፐር» በሚባል አንድ ዝርያ የተሞላ። ቅጠሉ በቀናት ውስጥ ጠቆረ፣ ማሳው ሸተተ፣ ተቆፍሮ የተከማቸውም በሰበሰ። በተከታዮቹ ዓመታት በረሃብና ረሃቡ ባስከተለው በሽታ 1 ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያ የማያንስ ተሰደደ። (በዚያው ጊዜ እህልና ከብት ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው፣ ለሌላ ቀን ይቆየን።)

ታዋቂው የዕፅዋት ሊቅ ጆን ሊንድሌ ጥፋቱን በዝናቡና በብርዱ ላይ ጣለው፤ ተክሉ ውሃ በዝቶበት ነው አለ። ለገበሬው የተሰጠው ምክርም ድንቹን አድርቅ፣ አየር በሚያገኝ ጉድጓድ አኑር የሚል ነበር። አልሠራም።

ማይልስ በርክሌ የሚባል አንድ የገጠር ቄስ ግን የታመመውን ቅጠል በማይክሮስኮፕ መረመረ። ስስ ነጭ ሻጋታ አገኘ። በ1846 «በሽታውን ያመጣው ይህ ሻጋታ ነው» ብሎ ጻፈ። ብዙዎቹ አልተቀበሉትም፤ ሻጋታ የሚበቅለው በበሰበሰ ነገር ላይ ነው፣ በሽታው ቀድሞ ሻጋታው ተከተለ እንጂ ብለው ተከራከሩት። ነገሩ የለየለት በ1861 ነው። ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ ሻጋታውን ወስዶ ጤነኛ ድንች ላይ አሳረፈው፤ ታመመ።

መድኃኒቱ ደግሞ የመጣው ከወይን ማሳ ነው። ቦርዶ አካባቢ ገበሬዎች መንገደኛ ወይናቸውን እንዳይቀጥፍ ዳር ዳሩን በመዳብ ሰልፌትና በኖራ ይቀቡት ነበር። ሚላርዴ የተባለ ፕሮፌሰር ያ የተቀባው ወይን ቅጠሉ ሳይረግፍ መቆየቱን አየና በ1885 ለዓለም አሳወቀ።

ሊንድሌም ቢሆን ግማሹን አልሳተም። ሻጋታው የሚስፋፋው ቅጠል ረጥቦ ሲቆይና አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ስለዚህ «ዝናቡ ነው» ስትሉ ግማሹን ይዛችኋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጓሯችሁ። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ቅጠሉን ገልብጡት። በጥቁሩ ጠባሳ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ የአየርላንዱ በሽታ ራሱ ነው፤ በሰፈራችንም ድንችና ቲማቲም የሚጨርሰው እሱ ነው። ሻጋታ ከሌለና ጠባሳው እንደ ቀለበት የተደራረበ መስመር ካለው፣ ያውም ከታች ካረጁት ቅጠሎች ከጀመረ፣ ሌላ በሽታ ነው። ጠባሳ ሳይኖር የታችኞቹ ቅጠሎች ወጥ ሆነው ቢጫ ከሆኑ አፈሩ ናይትሮጅን ሳያንሰው አይቀርም፤ እዚያ ላይ መርጨት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ውርጭ ከሆነ ደግሞ ማሳውን በአንድ ሌሊት ነው የሚመታው፤ ሻጋታው ግን ከአንድ ጥግ ተነስቶ ይዛመታል።

ማንኮዜብ የሚከላከለው ገና ያልተያዘውን ቅጠል ነው፤ የጠቆረው አይመለስም። እሱን ቆርጣችሁ ቅበሩት። ከእንግዲህ ፎቶ ስትልኩልኝም የቅጠሉን ጀርባ ጨምራችሁ አንሱልኝ።