ኦርዮ በአማን ቅጥር ሥር፦ የመዝሙር 50 ታሪክና የስደተኛው ዐቢይ ጾም

በዐቢይ ጾም ወራት በአፋችን አዘውትሮ የሚመላለሰው ጸሎት መዝሙረ ዳዊት 50 ነው። በዕብራይስጡ አቈጣጠር 51ኛ የሆነው ይህ መዝሙር በላቲን ሥርዓት በዐመድ ረቡዕ ቅዳሴ ይዜማል፤ በግእዝ ሥርዓት ያደግን ደግሞ ዳዊት ሲደገም እየሰማን ከልጅነታችን ጀምሮ በቃላችን ይዘነዋል። ንጉሡ ንጹሕ ልብ እንዲፈጠርለት፣ መንፈሱም በውስጡ እንዲታደስለት የሚለምንበት ጸሎት ነው። ብዙዎቻችን ግን ይህን ጸሎት የወለደው ደም የት እንደ ፈሰሰ አስበን አናውቅም። ደሙ በኢየሩሳሌም አልፈሰሰም። የፈሰሰው እኛ ዛሬ በምንኖርበትና በምንሠራበት በዚህ በአማን ከተማ ነው።

ከአብዱን በስተ ምሥራቅ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ጀበል አል ቀልዓ የሚባለው ኮረብታ ይገኛል። የአሞን ልጆች ዋና ከተማ የነበረችው ረባት የተቈረቈረችው በዚህ ኮረብታ ላይ ነበር፤ አማን የሚለው ስምም የመጣው ከእነዚሁ ሕዝቦች ስም ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. በዚያው ስፍራ በአሞናውያን ቋንቋ የተቀረጸ ጥንታዊ ጽሑፍ ተገኝቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የግብፅ ገዢ የነበረው ዳግማዊ በጥሊሞስ ከተማዪቱን በማዕርግ ስሙ ፊላደልፍያ አላት፤ ትርጓሜውም የወንድማማች ፍቅር ማለት ነው። ከዚያም ሮማውያን ቤተ ጣዖታቸውን፣ ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያናቸውን፣ ሙስሊሞች ቤተ መንግሥታቸውን በዚያው ኮረብታ ላይ ተራ በተራ ሠሩ። የሁሉም ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይታያል።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 11 እንደ ተጻፈው፣ ነገሥታት ወደ ጦርነት በሚወጡበት ወራት ዳዊት ኢዮአብንና ሠራዊቱን ረባትን እንዲከብቡ ልኮ እርሱ በኢየሩሳሌም ቀረ። ሲመሽም በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ሲመላለስ የኦርዮን ሚስት ቤርሳቤህን አየ፤ ልኮም አስወሰዳት። ማርገዟን በሰማ ጊዜ ባልዋን ከጦር ሜዳ አስጠራው፤ ወደ ቤቱ ገብቶ ቢያድር ኃጢአቱ እንደሚሸፈን አስቦ ነበርና።

ኦርዮ ኬጢያዊ ነበር። በሕዝበ እስራኤል መካከል የሚኖር፣ ለባዕድ ንጉሥ የሚያገለግል፣ ነገር ግን ስሙ እግዚአብሔር ብርሃኔ ነው የሚል ትርጉም ያለው የሌላ ወገን ሰው ነበር። ንጉሡ ከማዕዱ ምግብ አስከትሎ ወደ ቤቱ ቢያሰናብተውም አልሄደም፤ ከአገልጋዮች ጋር በቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ተኛ። ምክንያቱን ሲጠየቅም ታቦቱና ባልንጀሮቹ በድንኳን በሜዳ እያደሩ እርሱ ሊበላና ሊጠጣ፣ በአልጋውም ሊተኛ እንደማይገባው ተናገረ። በማግስቱ ንጉሡ አስክሮ ቢሞክረውም በዐሳቡ ጸና።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። በዚህ ታሪክ ውስጥ አስቀድሞ የጾመው ንጉሡ አይደለም፤ ባዕዱ አገልጋይ ነው። ሕግ ሳያስገድደው፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ምግብንና ዕረፍትን የተወው በሜዳ ያሉትን ወንድሞቹን አስቦ ነው። ጾም ሆድን ባዶ ከማድረግ አልፎ ከሚቸገር ሰው ጋር መቆም መሆኑን ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ከመስበኩ ከመቶዎች ዓመታት በፊት ኦርዮ ኖሮ አሳይቶናል።

ዳዊትም ኦርዮን ማታለል ቢሳነው ደብዳቤ ጻፈ፤ ጦርነቱ ከሚበረታበት ፊት አቁመውት ወደ ኋላ እንዲሸሹ፣ እርሱም ተመትቶ እንዲሞት ኢዮአብን አዘዘ። ደብዳቤውን የላከው ደግሞ በራሱ በኦርዮ እጅ ነበር። ያ ታማኝ ሰው የሞቱን ትእዛዝ ተሸክሞ፣ ዮርዳኖስን ተሻግሮ፣ እዚህ ድረስ መጣ። በረባት ቅጥር ሥርም ወደቀ።

ከእኛ መካከል ይህን ሲያነብ ልቡ የማይነካ ማን አለ? ከአዲስ አበባ፣ ከወሎ ወይም ከጎጃም ስንነሣ ብዙዎቻችን በማናነበው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ተሸክመን መጥተናል። በወረቀቱ ውስጥ ስላለው ነገር ደላላው የነገረን ሌላ፣ ስንደርስ ያገኘነው ሌላ የሆነብን አለን። ከዚያ ወዲህ ሕግ ጨርሶ ዝም አላለም። የዮርዳኖስ መንግሥት በ2008 እ.ኤ.አ. የሥራ ሕጉን አሻሽሎ የቤት ሠራተኞችን በሕጉ ጥላ ሥር አስገብቷል፤ በ2009ም ስለ ወር ደመወዛቸውና ስለ ሳምንታዊ ዕረፍታቸው ደንብ አውጥቷል። አገራችንም በ2013 እ.ኤ.አ. ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን ጉዞ ከልክላ፣ በ2016 አዲስ የሥራ ስምሪት ዐዋጅ ካወጣች በኋላ በ2018 ክልከላውን አንሥታለች። እነዚህ በጎ እርምጃዎች ናቸው። ነገር ግን በተዘጋ በር ውስጥ ያለውን የሰው ልብ ሕግ ብቻውን አይደርስበትም፤ የዳዊት ዘመን ሰዎችም አትግደል የሚለውን ሕግ ያውቁ ነበርና።

የኦርዮ ሞት የአንድ ሰው እጅ ሥራ ብቻ አልነበረም። ሴቲቱን ሊጠሩ የሄዱ መልእክተኞች፣ በደጃፍ አብረውት ያደሩ አገልጋዮች፣ ደብዳቤውን ከፍቶ ያነበበው ኢዮአብ፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ያውቁ ነበር፤ የተናገረ ግን አልተገኘም። እግዚአብሔር ነቢዩ ናታንን እስኪልክ ድረስ ቤተ መንግሥቱ ሁሉ ዝም አለ። ናታንም ስለ አንድ ባለጠጋና ስለ አንድ ድኻ ነገረው፤ ድኻው ከእንጀራው እያበላ እንደ ልጁ ያሳደጋት አንዲት በግ ብቻ ነበረችው፤ ባለጠጋው ግን ከብዙ መንጋው ሳስቶ የድኻውን በግ ለእንግዳው አረደ። ንጉሡ በቍጣ ፍርድ ሲሰጥ፣ ነቢዩ ያ ሰው ራሱ መሆኑን ገለጠለት። ዳዊትም ምክንያት አልደረደረም፤ እግዚአብሔርን መበደሉን አመነ። መዝሙር 50 በርእሱ እንደሚያመለክተው ከዚህ ሰዓት የተወለደ ጸሎት ነው።

ሆኖም በመዝሙሩ ውስጥ ልብን የሚያስጨንቅ ነገር አለ። ዳዊት በደሉ በእግዚአብሔር ላይ ብቻ እንደ ሆነ አድርጎ ይናገራል፤ ኦርዮን በስሙ አይጠራውም። ታዲያ የተገደለው ባዕድ ተረሳን? እንዲህ ብለን እንድንጠይቅ የተገባ ነው፤ ተበድለው ፍርድ ያላገኙ እኅቶቻችን ሲጠይቁት እንሰማለንና። ቤተ ክርስቲያን የምትመልሰው በሁለት መንገድ ነው። በመጀመሪያ፣ በድኻ ላይ የተደረገ ግፍ ፈጣሪውን መናቅ እንደ ሆነ መጽሐፈ ምሳሌ ያስተምራል፤ ዳዊት እግዚአብሔርን መበደሉን ሲናገር በደሉን ማሳነሱ አይደለም፣ በኦርዮ ላይ የተነሣው እጁ እስከ የት እንደ ደረሰ ማየቱ ነው። ሁለተኛም፣ መዝሙሩ ያልጠራውን ስም ቅዱሳት መጻሕፍት አልተዉትም። በሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 23 የዳዊት ኃያላን ሲዘረዘሩ የመጨረሻው ስም ኬጢያዊው ኦርዮ ነው። መጽሐፈ ነገሥትም ዳዊትን ሲያመሰግን የኦርዮን ነገር ለይቶ ያነሣበታል። ቅዱስ ማቴዎስም የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ ቤርሳቤህን በራስዋ ስም አልጠራትም፤ የኦርዮ ሚስት የነበረችው ይላታል። እንግዲህ በረባት ቅጥር ሥር የወደቀው ባዕድ ስሙ በወንጌል የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፎ ይኖራል። ለንጉሡ ምሕረት ተደረገለት፤ የተበደለው ግን አልተረሳም። በእግዚአብሔር ዘንድ ሁለቱ አይጣሉም።

የረባት ታሪክ በዚህ አልተፈጸመም። ዓመታት ካለፉ በኋላ ዳዊት ልጁ አቤሴሎም ባመፀበት ጊዜ ባዶ እግሩን እያለቀሰ ከኢየሩሳሌም ወጣ፤ ዮርዳኖስንም ተሻግሮ በዛሬው የዮርዳኖስ ምድር ወደ ነበረችው ወደ መሃናይም ተሰደደ። በዚያ ከተቀበሉት ሰዎች አንዱ የረባት ሰው፣ የናዖስ ልጅ ሾቢ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር መኝታና ዕቃ፣ ስንዴና ገብስ፣ ባቄላና ምስር፣ ማርና ቅቤም አመጣ፤ ሕዝቡ በምድረ በዳ ተርቧል፣ ደክሟልም ብለው አዝነው ነበርና። ኦርዮን ያስገደለው ንጉሥ ስደተኛ ሲሆን፣ ኦርዮ ከሞተባት ከተማ የመጣ ሰው አበላው። ዳዊት ያን ምስር ሲቀበል ምን እንዳሰበ አልተጻፈልንም። ለሚጾም ሰው ግን ይህ ማዕድ ብዙ ይናገራል።

ከዚያ ወዲህ ይህች ከተማ ብዙ ስደተኞችን ተቀብላለች። ለረጅም ዘመን ፈርሳ ከቆየች በኋላ በ1878 እ.ኤ.አ. እንደ ገና የሰፈሩባት ከአገራቸው የተባረሩ ሰርካሲያውያን ነበሩ። ከ1948ና ከ1967 ጦርነቶች በኋላ ፍልስጥኤማውያን፣ ከዚያም ኢራቃውያንና ሶርያውያን መጡባት። በ2014 ከሞሱልና ከነነዌ ሜዳ የሸሹ ክርስቲያኖች በአማን አብያተ ክርስቲያናት አዳራሾች ተጠልለዋል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በኢዮቤልዩው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም፣ መጋቢት 20 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ወደ ናባው ተራራ ወጥተው፣ በማግስቱ በአማን ስታዲየም መሥዋዕተ ቅዳሴ አሳርገዋል። በትልልቅ ቤቶችዋና በኤምባሲዎችዋ የምትታወቀው አብዱንም የዚህችው ከተማ ክፍል ናት፤ በእነዚያ ቤቶች ውስጥ የሚያገለግሉ እኅቶቻችን የዚህ ረጅም ታሪክ የቅርቡ ምዕራፍ ናቸው።

ውድ እኅቶችና ወንድሞች፣ በዚህ ጾም መዝሙር 50ን ስንጸልይ ራሳችንን በሁለቱም ሰዎች ቦታ እናግኝ። የተበደልን ከሆንን፣ ኦርዮን ያልረሳው አምላክ ስማችንን ያውቃል፤ ስለዚህ የደረሰብንን መናገር፣ ርዳታንና ፍርድንም መሻት ከትሕትና ጋር አይጋጭም። ናታንም የተላከው ዝምታውን እንዲሰብር ነበር። ይቅር ማለትም ግፉን የለም ማለት አይደለም።

ነገር ግን የዳዊት ሰገነት በአሠሪዎች ቤት ብቻ አይገኝም። ከእኛ አስቀድሞ የመጣ፣ ቋንቋውን የለመደ፣ ጥቂት ገንዘብ የቋጠረ ሁሉ በአዲስ መጭዋ ላይ ሥልጣን አለው። ብድርን በማነቂያ ወለድ መስጠት፣ አንዲትን እኅት ወደማታውቀው ቤት ለኮሚሽን ብሎ መላክ፣ ስሟን በሐሜት ማጥፋት፣ የኦርዮን ደብዳቤ እንደ መጻፍ ነው። አይቶ ዝም ማለትም የኢዮአብን ድርሻ መውሰድ ነው። ወደ ምሥጢረ ንስሓ ስንቀርብ የተራብንበትን ቀን ቍጥር ሳይሆን የበደልነውን ሰው ስም ይዘን እንቅረብ፤ ሰውየው በሕይወት ካለ፣ ዳዊት ያላገኘው ዕድል በእጃችን ነውና ሄደን እንካሰው።

በሰው ቤት የሚኖር የሚበላውን ሁልጊዜ አይመርጥም፤ የጾሙን ሥርዓት እንደ አገር ቤት መፈጸም ያልቻለች እኅት አትታወክ፣ ካህንዋን ታማክር። ማንም የማይከለክላት ጾም አለ። ዓረብኛ ማንበብ ለማትችለው ወረቀቷን ማንበብ፣ በር ተዘግቶባት ለምትኖረው በስልክ መደወል፣ ደመወዝ ለተከለከለችው አብሮ መቆም፣ ለታመመችው ከምስራችን ማካፈል፣ ይህ የኦርዮና የሾቢ ጾም ነው።

በዚህች አገር የላቲን ካቶሊካውያንም ትንሣኤን የሚያከብሩት ከምሥራቃውያን ወንድሞቻቸው ጋር በአንድ ቀን ነው፤ እኛም የአገራችን ሕዝብ በሚፈስክበት ዕለት በዚህ እንፈስካለን። እስከዚያ ድረስ ለዳዊት ልብን የሰበረ፣ ለኦርዮም ስምን የጠበቀ አምላክ የእኛንም ልብ አንጽቶ ለትንሣኤው ብርሃን ያድርሰን። አሜን።