አኑራ ፊስቱላታ

በኢኳዶር የአንዲስ ተራሮች፣ ጉም በማይለየው ደን ውስጥ የምትኖር የአበባ ማር ቀሳሚ የሌሊት ወፍ ናት። አዲስ ዝርያ ተብላ ለሳይንስ የተገለጸችው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። የስሟ መነሻ ወደ ፊት ወጥቶ እንደ ቱቦ የተጠቀለለው የታችኛው ከንፈሯ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ምላሷ ነው። ናታን ሙቻላ በ2006 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት ባሳተመው ጥናት እንደተለካው፣ እስከ 8.5 ሴንቲ ሜትር ይዘረጋል፤ የሰውነቷን ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ማለት ነው። ከሰውነት ርዝመት አንጻር ሲታይ፣ ጥናቱ ሲወጣ ይህን የሚስተካከል ምላስ ያለው ሌላ አጥቢ እንስሳ አልታወቀም ነበር። የቅርብ ዘመዶቿ ምላስ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ምላስ የት ታስቀምጠዋለች? አፏ አይበቃውም። የምላሷ ሥር ጉሮሮዋን አልፎ ወደ ደረቷ ይወርድና በልቧና በፍርምባ አጥንቷ መካከል ያርፋል።

ምክንያቱ አንድ አበባ ነው።

ሴንትሮፖጎን ኒግሪካንስ የተባለው ተክል ማሩን የሚሸሽገው ከ8 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ቱቦ መሰል አበባው ሥር ነው። በጥናቱ ወቅት ይህን አበባ ስትጎበኝ የታየችው የሌሊት ወፍ እርሷ ብቻ ነበረች። ማሩን ስትልስ ብናኙ ራሷ ላይ ይራገፋል፤ ወደ ቀጣዩ አበባም አብሯት ይሄዳል። እርሷ ሌሎች አበቦችንም ትቀስማለች፣ ነፍሳትም ትበላለች። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሰጋው እንግዲህ ሌላ ብናኝ አመላላሽ ያልታየለት የአበባው ዕጣ ነው።